ባሕር ዳር ያለችውን የኔትወርክ ባለሙያ ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

ጎጃም ውስጥ ከአንድ በላይ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ካላችሁ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። የምጠቁማችሁ ባለሙያ የምትኖረው ባሕር ዳር ነው። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ አልጽፈውም።

ደብረ ማርቆስ ያለው የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ሲስተም በሁለት ሰርቨር ነው የሚሠራው። ከፊታቸው ሎድ ባላንሰር አለ፤ የሚመጣውን ጥያቄ ለሁለቱ ሰርቨሮች የሚያከፋፍል ሶፍትዌር ነው፣ የእኛው ኤችኤ ፕሮክሲ ይባላል። የቢቸና፣ የሞጣና የፍኖተ ሰላም ሠራተኞቻችን ለወራት እሮሮ ሲያሰሙ ቆዩ። ገንዘብ ተቀባይዋ የብድር ቅጹን ሞልታ ሞልታ «አስቀምጥ» ስትል «እባክዎ እንደገና ይግቡ» ይላታል። የሞላችው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ፊት ለፊቷ ደግሞ ከገጠር በሌሊት ተነስተው የመጡ አባት ቆመዋል። ሲስተሙን የሸጠልን ድርጅት መልስ «ሰርቨራችሁ ደካማ ነው፣ ሌላ ግዙ» ነበር።

ባለሙያዋ መጀመሪያ ያደረገችው ሉአ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አጭር ስክሪፕት ባላንሰሩ ላይ መጫን ነው። ኤችኤ ፕሮክሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 1.6 ስሪት ጀምሮ ሉአን ይቀበላል፤ የሚገዛ ነገር የለም። ስክሪፕቱ እያንዳንዱ ጥያቄ የየትኛው ሴሽን (አንድ ሰው ሲስተሙ ውስጥ ከገባ እስኪወጣ ያለው ቆይታ) እንደሆነ፣ የትኛው ገጽ ላይ እንደደረሰና የትኛው ሰርቨር እንደመለሰለት ሎግ (የክንውን መዝገብ) ላይ ይጽፋል። ቁጭ ብለን አብረን አየነው። አንዱ ሴሽን ሲገባ ሰርቨር አንድ፣ ቅጹን ሲከፍት ሰርቨር አንድ፣ «አስቀምጥ» ሲል ሰርቨር ሁለት! ሰርቨር ሁለት ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋን አያውቃትም። መግባቷ የተመዘገበው በአንደኛው ሜሞሪ ውስጥ ነዋ።

ለካ ባላንሰሩ ሰውን የሚለየው በአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ በሚታወቅበት ቁጥር) ነበር። ቅርንጫፎቻችን በአብዛኛው የሚሠሩት በሞባይል ዳታ ነው። መስመሩ ተቋርጦ ሲመለስ አይፒው ሊቀየር ይችላል፤ ያኔ ሴትዮዋ ለባላንሰሩ አዲስ ሰው ናት። ብዙ ሰው በአንድ አይፒ ሲወጣ ደግሞ ሁሉም አንዱ ሰርቨር ላይ ይከመራል፣ ሌላው ሥራ ፈትቶ ይውላል።

ያስተካከለችው በስቲክ ቴብል ነው፤ ባላንሰሩ ማን ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚይዝበት ሰንጠረዥ ነው። ሰርቨሩ የሴሽን ኩኪ (የገባውን ሰው የሚለይ ኮድ) ሲሰጥ ባላንሰሩ ኩኪውን ከሰርቨሩ ጋር ይመዘግባል፤ ቀጣዩ ጥያቄ ከየትኛውም አይፒ ቢመጣ ወደዚያው ይመራዋል። መዝገቡ የሚቆይበትን ጊዜ ከመወሰኗ በፊት ገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ ቅጽ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓቷ ያዘች። ከዚያ ጊዜውን ከሲስተሙ የሴሽን ጊዜ እንዳያንስ አደረገችው። ቴብሉ ያለው ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ ሌላ ማሽን ላይ ሁለተኛ ባላንሰር አቆመችና ቴብሉን እንዲቀባበሉት አደረገች።

በተለይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ሎጉ ላይ ኩኪውን እንዳለ አልጻፈችውም፤ ሃሽ አድርጋ፣ ማለትም ወደ ዋናው ሊመለስ ወደማይችል ኮድ ቀይራ ነው ያስቀመጠችው። «ሎጉ እጁ የገባ ሰው በገንዘብ ተቀባይዋ ስም ሊገባበት ይችላል» አለችን። ይህን አድርጊ ያላት ሰው አልነበረም። የሰው ገንዘብ የያዘ መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ነው።

እግዜር ይስጥልን እህታችን፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ። ሠራተኞቻችን አሁን ቅጹን በአንድ ቁጭታ ይጨርሳሉ።

የምትፈልጓት በኢንቦክስ ጻፉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የባላንሰሩን ኮንፊግ ፋይል አዘጋጁ፣ ሲስተማችሁ ሴሽን የት እንደሚያስቀምጥም አጣሩ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። ዋጋ የምትናገረው ሥራውን ካየች በኋላ ነው፤ እኛን ያስከፈለችን ለአዲስ ሰርቨር ከተጠየቅነው ጋር ጭራሽ አይወዳደርም።