ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ወላጆች፦ በላስቲክ የታሸገ የልጆች መጽሐፍ እንዳትገዙ

1,800 ብር ከፍዬ ፎቶ ኮፒ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ አነጋገሬ ሻከር ካለ ይቅር በሉኝ።

ሻጩን ባታውቁት እንኳ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ የተማሪ ቦርሳ ይሰቅላል። ልጅ ይዘሽ ስታልፊ «እታለም፣ ለልጅሽ አንድ ነገር ላሳይሽ» ይላል። ዋጋውን የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው።

ትናንት ከገበያ እየተመለስኩ ነበር። በአንድ እጄ ሽንኩርትና ካሮት የያዘ ፌስታል፣ በሌላው የ5 ዓመት ልጄ። ልጄ አትክልት አትበላም። ካሮቱን ከወጥ ውስጥ እየለቀመች ሳህኗ ጠርዝ ላይ ትደረድረዋለች። ብስኩትና ቺፕስ ሲሆን ግን ማን ይችላታል። ስለዚህ ሰውዬው «ጤናማ አመጋገብ የሚያስተምር የስዕል መጽሐፍ፣ ስድስቱ አንድ ላይ ነው የሚሸጠው» ሲለኝ ቆምኩ።

መጽሐፉ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ገጹ ወፍራም ካርቶን ነው። ጎመኑ አረንጓዴ፣ ቲማቲሙ ቀይ፣ ዱባው ልክ የጓሮ ዱባ። ሽሮ በእንጀራ ሳይቀር ተስሏል። አንዱ ገጽ ላይ ካሮት ዓይንና እግር አውጥቶ ይሮጣል። ልጄ ያን ገጽ ይዛ አልለቅም አለች። «እማ፣ ካሮቱ እየሮጠ ነው!» ትላለች እየሳቀች። ያቺ ካሮት የምትለቅም ልጅ!

ሻጩ ይህን አየ። «እታለም፣ ጤፍ አምራች አገር ተቀምጠን ልጆቻችን እየቀነጨሩ እኮ ነው» አለኝ። እዚህ ላይ ያዘኝ፤ ምክንያቱም እውነት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የአገሪቱ 38 በመቶ ነበር። ጤና ጣቢያ ስለዚህ ሲነገር ስለሰማሁ ራሴን ነቀነቅኩለት።

ከዚያ «ይሄ ሰው ሁሉ የነካካው ማሳያ ነው፣ የታሸገውን ከውስጥ ላምጣልሽ» አለና እጁን ወደ ልጄ ዘረጋ። ልጄ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አጣበቀችው። እሱ ፈገግ እንዳለ እጁን አላወረደም። ማን እንዳስለቀቃት ታውቃላችሁ? እኔ። «ስጪው ማሚዬ፣ አዲስ ሊሰጠን እኮ ነው» አልኳት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ፣ መጽሐፉን ተቀብዬ፣ በሁለት እጄ ሰጠሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ከሞኝም በታች ነኝ፤ ልጄ የያዘችውን አስለቀቅኩ።

ከጓዳ በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ያሸገውን ይዞ መጣ። ከላይ ያው ሽፋን፣ ያው የሚሮጥ ካሮት። ልክፈተው ስል «ተይ፣ ልጅቷ ራሷ ትክፈተው፣ ደስ ይላታል» አለኝ። አሳቢ! በቴሌብር ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ለካሮት ስዕል 1,800 ብር ስከፍል እውነተኛው ካሮት ፌስታሌ ውስጥ ነበር።

ማታ ልጄ ከፈተችው። ባለ ቀለሙ ሽፋኑ ብቻ ነው። ውስጡ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ፣ ያውም ቀለም ሊጨርስ በደረሰ ማሽን የተባዛ። ከስድስቱ ሁለቱ ደግሞ ሽፋናቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው አንድ ነው። የሚሮጠው ካሮት ግራጫ ሆኗል። ከሥሩ «ብርቱካናማ ቀለሜን እዩልኝ» ይላል። ካሮትና ዱባ ላይ እኮ ዋናው ነገር ቀለሙ ነው፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ያንኑ ብርቱካናማውን ነው። ልጄ ገለበጠች፣ ገለበጠች፣ «እማ፣ ያኛውስ?» አለች። ምን ልበላት?

የመጨረሻው ገጽ ደግሞ ይባስ። «ለወላጆች» ይልና ከ6 ወር ጀምሮ ለሕፃን ማር አቅምሱት ይላል። እኔ ቀፎ ያለበት ቤት ነው ያደግኩት፤ በማር ማንም አይቀድመኝም። ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ የሚያስከትል ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፤ የሕፃን አንጀት ደግሞ አይቋቋመውም። ጤና አስተምራለሁ የሚል መጽሐፍ ነው እንግዲህ።

ዛሬ ጠዋት ይዤው ተመለስኩ። «እታለም» ቀርቶ «ሴትዮ» ሆንኩ። «ሴትዮ፣ ላስቲኩን ማን ቀደደው?» አለኝ። ራሱ አይደል ልጅሽ ትክፈተው ያለኝ! ቀለሙንስ ስለው «ልጅሽ ማንበብ ትችላለች? ታዲያ ቀለም ኖረው አልኖረው ምን አገባት?» አለ። ባንኮኒው ጋ የተቀመጠችው ልጅ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል ሳቀች። ከሱ ይልቅ የሷ ሳቅ አንገበገበኝ። ማሳያው እዚያው ባንኮኒው ላይ ነበር፤ ሌላ እናት እያገላበጠችው። «እህቴ፣ የሚሰጥሽ ይሄን አይደለም» ብዬ የኔን ገልጬ አሳየኋት። አስቀምጣ ወጣች። ዛሬ ደስ ያለኝ ያ ብቻ ነው።

እና ላስቲኩን እዚያው ሱቁ ውስጥ ቅደዱት። ደረሰኝ ተቀበሉ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ ያለኝ የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። ነገ እሱንና መጽሐፎቹን ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። አምስቱን ማለቴ ነው። ስድስተኛውን ልጄ ወስዳ ካሮቱን በቀይ እርሳስ ቀብታዋለች፤ ማስረጃ ነው ብላት አልሰማ አለች።

ሱቁ የት እንደሆነ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።