ዞቴሮ ለሥነ መለኮት ጥናት፦ ለመጻሕፍቱ ግሩም፣ ለቃለ መጠይቁ አይሆንም

ስለ እምነት፣ ስደትና ማንነት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ምንጮቹ ዝንጉርጉር ናቸው፦ የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ፣ የአባቶች ድርሳን፣ የ1951 የስደተኞች ስምምነት፣ የሶሲዮሎጂ መጣጥፍ፣ የስደተኞች ቃለ መጠይቅ። ነፃው የምንጭ ማደራጃ ዞቴሮ የመጀመሪያዎቹን አራቱን በሚገባ ይይዛል።

ዋና ጥቅሙ አንድ ምንጭ ሳይባዛ ብዙ ማህደር ውስጥ መግባቱ ነው። በመጽሐፈ ሩት ላይ የተጻፈ ጥናት «ስደት» ውስጥም «ማንነት» ውስጥም ይቀመጣል። ከአንዱ ማህደር ማውጣትና ወደ ቆሻሻ መጣያ መላክ ግን ለየብቻ ትእዛዝ አላቸው፤ ሁለተኛው ከሁሉም ማህደር ያነሳዋል። ፒዲኤፍ ላይ ያቀለሙት ከነገጽ ቁጥሩ ወደ ማስታወሻ ይወጣል። በስካን በተነሳ መጽሐፍ ላይ ቁጥሩ ከታተመው ገጽ ጋር ስለማይገጥም ማረም ያስፈልጋል።

የደራሲ ስም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፕሮግራሙ የሚጠብቀው የቤተሰብ መጠሪያና የግል ስም ስለሆነ የድርጅትን ስም ለሁለት ከፍለው ከሞሉለት በምንጭ ዝርዝሩ ላይ ገልብጦ ያወጣዋል። ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭኖ ወደ አንድ ሳጥን መቀየር ነው። ከስማቸው ቀጥሎ የአባታቸውን ስም የሚጽፉ ደራሲያንም በዚሁ መንገድ ይስተካከላሉ።

ዘሌዋውያን 19፥34ን ወይም ማቴዎስ 25፥35ን በዞቴሮ ለመጥቀስ አይድከሙ፤ ጽሑፉ ውስጥ በእጅ ይጻፉት።

ነፃው የፋይል ማከማቻ 300 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ጥቂት ስካን የተደረጉ መጻሕፍት ይጨርሱታል። ዌብዳቭ (ፋይሎችን ራስዎ በመረጡት ሌላ ሰርቨር ላይ የማስቀመጫ መንገድ) መፍትሔ ይሆናል፣ ለግል ስብስብ እንጂ ለቡድን ግን አይሠራም።

ቃለ መጠይቁስ? «ቃለ መጠይቅ» የሚል የምንጭ ዓይነት ስላለ ጽሑፉን እዚያው ማያያዝ ያጓጓል። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ስለ ሃይማኖት ለውጡ የተናገረው ግን ሌላ ሰርቨር ላይ መቀመጥ የለበትም። የፋይል ማመሳሰልን (ፋይሎችን ወደ ሰርቨር መላክን) ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፦ የፋይሉን ሙሉ ጽሑፍ የሚልክ ሌላ ምርጫ አለ፤ ማስታወሻዎችም ከመረጃው ጋር አብረው ይሄዳሉ። ዞቴሮ ውስጥ «ተጠያቂ 07» ብለው ቀኑን ብቻ ያስገቡ። ቃለ መጠይቁን በተመሰጠረ (ያለ ይለፍ ቃል በማይነበብ) ዲስክ፣ የስምና የኮድ ማመሳከሪያውን ደግሞ ከዚያ ለይተው ያስቀምጡ።