ለሚሄዱት ሽኝት፣ ለሚቀሩትስ? የአንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ድጋፍ በወላጅ ዓይን

ልጄን አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ እዚህ የምገመግመውም ለተማሪዎች የሚሰጠውን የምክርና የድጋፍ አገልግሎት ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ካውንስለሯ፣ ማለትም የተማሪዎች አማካሪዋ፣ ስትደውልልኝ ደነገጥሁ። እኔ የተማርሁት ዩኒት ሊደሩ አርጩሜ ይዞ በሚዞርበት፣ «ወላጅ አምጣ» መባልም በሰፈር በሚያሳፍርበት ትምህርት ቤት ስለነበር፣ ልጄ ምን አጥፍታ ይሆን እያልሁ ሄድሁ። የተጠራሁት ግን ምሳ ሰዓቷን ዘወትር ብቻዋን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደምታሳልፍ መምህራኗ ስላስተዋሉ ነበር። ከቆየች ተማሪ ጋር አጣመሯት፤ ካውንስለሯም በየሳምንቱ ታነጋግራት ጀመር፤ ሁለት ወር ሳይሞላ የጓደኞቿ ወሬ ቤታችንን ሞላው።

ካውንስለሯ ልጄ ያጫወተቻትን ሁሉ አለመንገሯ መጀመሪያ ላይ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። በልጅቷ ወይም በሌላ ሰው ላይ ጉዳት የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀር ምስጢሯ እንደሚጠበቅ፣ ይህንንም ልጄ ከመነሻው እንደምታውቅ አስረዳችኝ። ዛሬ ሳስበው፣ ልጄ የልቧን መናገር የቻለችው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪዎች አንድ አማካሪ እንዲመደብ ይመክራል፤ የእኛው ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ነው፤ ለሚያስከፍለው ገንዘብ ግን ይህ ሲያንስ ነው።

ቅሬታዬ ከሰኔ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና የበርካታ ኤምባሲዎች መቀመጫ በመሆኗ፣ ብዙ ቤተሰቦች ጥቂት ዓመታት ሠርተው፣ የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ በሰኔ ይዛወራሉ። ትምህርት ቤቱ ለሚሄዱት ልጆች የሽኝት ዝግጅትና የማስታወሻ አልበም ያሰናዳል፤ በነሐሴ የሚመጡትንም በሚገባ ይቀበላል። እዚሁ ለሚቀሩት፣ ማለትም ለእኛ ልጆች፣ የታሰበ ነገር ግን የለም። ልጄ በአራት ዓመት ሦስት የቅርብ ጓደኞቿን ሸኝታለች። ባለፈው ዓመት አዲስ የመጣች ልጅ አጠገቧ ስትቀመጥ ለምን እንደማትቀርባት ብጠይቃት፣ «እሷም ትሄዳለች» አለችኝ። ይህን ለትምህርት ቤቱ ባመለክት ያገኘሁት ምላሽ የአንድ ከሰዓት በኋላ ውይይት ብቻ ነበር።

አማርኛ የሚናገር አማካሪ አለመኖሩም ጉድለት ነው። ልጄ እንግሊዝኛ አያንሳትም፤ ስትከፋ ግን የምታለቅሰው በአማርኛ ነው። ለዚህም ይመስለኛል በእረፍት ሰዓት የሆዷን የምታወራው ለኢትዮጵያዊቷ የክፍል ረዳት የሆነው፤ እሷን ግን ስለ ተማሪዎች ደኅንነት በሚደረጉት ስብሰባዎች ላይ አይቻት አላውቅም።

ልጃችሁን ለማስመዝገብ የምታስቡ ወላጆች፣ የመመዝገቢያውን ከመክፈላችሁ በፊት ጓደኞቻቸው ለሚሄዱባቸው ልጆች ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። እኔ ለሚቀጥለው ዓመት ከፍያለሁ። የልጄ የአሁኗ ጓደኛ አባት ወደ ናይሮቢ መዛወራቸውን ትናንት ስለሰማሁ፣ ሰኔን ሳልጠብቅ ከካውንስለሯ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ።