ፀጉር የማያረግፈው ሮለር፦ ከስምንት ወር በኋላ

ለአንድ የቀለም መቀቢያ ሮለር ፀጉራም ጥቅል የሦስት ተራ ሮለር ዋጋ ከፍያለሁ። ቅንጦት ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን ቤቴ መጥቶ የሳሎኑን ግድግዳ በእጁ ዳስሶ "ተሸውደሻል" ያለኝ ሰው እስካሁን የለም። ሳይዳስሱ ያሉኝማ ብዙ ናቸው።

ብዙ ሱቅ ሄዳችሁ "ሮለር" ስትሉ የሚሰጧችሁ ከእጀታው ጋር ተሰክቶ የመጣውን ነው። ፀጉራሙ ጥቅል ለብቻውም ይሸጣል። እጀታው ብረት ነው፤ ካልጠፋ ዓመታት ያገለግላል። ግድግዳውን የሚነካው ጥቅሉ ነው። እኛ ግን ለቀለሙ ሱቅ ለሱቅ እንዞራለን፣ ክሬም ይሁን ነጭ እያልን ከባለቤታችን ጋር እንጨቃጨቃለን፤ ሮለሩ ላይ ስንደርስ "አንድ ሮለርም ጨምርበት" ብለን እንወጣለን።

የእኛ ቤት አራት ኪሎ አካባቢ፣ የቆየ ፎቅ ላይ ነው። የሳሎኑ ግድግዳ ስቱኮ ተመትቶ ለስልሷል። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግድግዳውን በጎን ትመታዋለች። ጠዋት ፏ ብሎ የነበረው ግድግዳ ያኔ ጉዱ ይወጣል። ከዚህ በፊት ያስቀባነው ቀለም ላይ ፀጉር በፀጉር ነበር። ቀጫጭን፣ ቀለም ውስጥ ደርቀው የቀሩ ክሮች። አንዱን በጥፍር ስትነቅሉት ቀለሙን ይዞ ይነሳና ነጭ ነጥብ ትቶ ይሄዳል። ስትተዉት ደግሞ አቧራ ይይዛል። ቀለሙ ጥሩ ነበር፣ ቀቢውም እጁ የሚያስመሰግን ሰው ነው። ያረገፈው ሮለሩ ነው።

ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ለገና ቤቱን እናድስ ስንል፣ ቀቢው የራሱን ሮለር እንዳያመጣ ነገርኩት። ትንሽ ቅር አለው። ተክለሃይማኖት ወረድኩ።

ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን እንደ ሁሉም ሻጭ ነው።

"ቤተሰብ፣ ሁሉም አንድ ነው። ዋናው ቀለሙ ነው።"

"ሁሉም አንድ ከሆነ ያኛው ለምን ተወደደ?"

"እሱ የፈረንጅ ነው።"

ገልብጬ አየሁት። ቻይና የተሠራ ነው፣ ላዩ ላይ ተጽፏል። ርካሹም ቻይና ነው። የአገር ጉዳይ እንዳልሆነ ያኔውኑ ገባኝ። ልዩነቱ ፀጉሩ የተያያዘበት መንገድ ላይ ነው።

በርካሹ ላይ እጄን ወደ ላይና ወደ ታች አሸት አሸት ሳደርግ መዳፌ ላይ ክር ቀረ። ሱቅ ውስጥ፣ በደረቁ እጅ ላይ የቀረ ነገር ቀለም ነክሮት ግድግዳ ላይ ሲንከባለል ምን ሊሆን ነው? ቀጥሎ ጨርቁ ጥቅሉ ላይ የተጠመጠመበትን ስፌት አየሁ። ርካሹ ላይ ፀጉሩን ገለጥ ስታደርጉት መገጣጠሚያው ክፍተት አለው። ያ ክፍተት በተንከባለለ ቁጥር ግድግዳ ላይ ሰረዝ ያሰምራል። ውስጡን ደግሞ በጣቴ ጫን አልኩት። ካርቶን ነው። ካርቶን ውሃ ሲጠጣ ይላላል፤ ጥቂት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ጨርቁ ይለቅቀዋል። ውዱ ውስጡ ፕላስቲክ ነው፣ ስፌቱ አይገኝም፣ ፀጉሩን ብጎትተውም እምቢ አለ። ማይክሮፋይበር ነው። ዳርና ዳሩ ደግሞ ሰያፍ ተቆርጧል። ይህቺ ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ሮለር ጎንና ጎኑ ላይ የሚተወውን ወፍራም የቀለም መስመር በጣም ትቀንሰዋለች።

ሻጩ "እሺ እናት፣ ከፈለግሽ ስፖንጁን ውሰጂ፣ እሱ ፀጉር የለውም አይረግፍም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ስፖንጅ አይረግፍም። ግን ስፖንጅ በውሃ ቀለም ግድግዳ ላይ አረፋ ያወጣል፣ አረፋው ሲፈነዳ የእንጀራ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ይቀራል። የበር ቀለም ላይ ይሆን ይሆናል። ለሳሎኔ ግን አልፈልገውም።

የፀጉሩ ርዝመት ላይ ሻጮች ምንም አይናገሩም፤ መናገር የነበረባቸው ግን ይህንን ነበር። ማሸጊያው ላይ በሚሊ ሜትር ተጽፎ ይገኛል። ለስላሳ ስቱኮ ላይ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ይበቃል። ትንሽ ሻከር ያለ ልስን ከሆነ 12 ሚሊ አካባቢ። ሲሚንቶው በደንብ ያልለሰለሰ ወይም ብሎኬት ከሆነ 18 እና ከዚያ በላይ። ረጅም ፀጉር ብዙ ቀለም ይይዛል፣ ሥራው ቶሎ ይሄዳል፤ ግን ለስላሳ ግድግዳ ላይ ጎርባጣ ነገር ይተዋል፣ ወለሉንም ይረጨዋል። "ረጅሙን ውሰጂ፣ ቀለም ይቆጥባል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትስሙት። የሚጠጣው ቀለም ከየት የመጣ መስሎት ነው? እኔ የወሰድኩት ባለ 10 ሚሊውን ነው፣ ወርዱ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እጀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ አሽከርክሩት። የሁሉም ጥቅል ቀዳዳ እኩል አይደለም። ልል ከሆነ ግድግዳው መሃል ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል።

አዲስ ሮለር ምንም ጥሩ ቢሆን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ልል ክር ይኖረዋል። ወፍራም ፕላስተር ዙሪያውን ጠቅልዬ ላጥኩት፣ ከዚያ በሳሙና አጥቤ አደረቅኩት። ቀቢው ቆሞ ሲያየኝ ሳቀ። "እመቤቴ፣ ሕፃን ነው እንዴ የምታጥቢው?" አለኝ። ማታ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ግን "ይሄን ከየት ነው የገዛሽው?" ብሎ ጠየቀኝ።

እንግዲህ ይኸው ነሐሴ ነው። ለገና ሳሎኑ፣ ቀጥሎ የልጆቹ ክፍል፣ ለፋሲካ ደግሞ መኝታ ቤቱ በዚያው ጥቅል ተቀቡ። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፀጉሩ አልተጨማደደም፣ አልረገፈም፣ ከፕላስቲኩ አልተላቀቀም። ሳሎኑን ከሰዓት ፀሐይ ስትመታው ሄጄ በጎን አያለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ባለቤቴ ይስቃል። የለም። አንድም ክር የለም። ይህ ነገር እንዲህ ያስደስተኛል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ኮሪደሩ ግን የእሱ ሥራ አልነበረም። እዚያ ያለው አሮጌ የሲሚንቶ ልስን ስለሆነ ባለ 10 ሚሊው ጉድጓዱ ውስጥ አይገባም። ለዚያ ባለ 18 ሚሊ ተራ ሮለር ገዛሁ። አረገፈ። ግን ሻካራ ግድግዳ ላይ ማን ያየዋል? ኮሪደር ላይ ፀሐይ አይገባም።

የሚያማርረኝ እጥበቱ ነው። ጥሩ ሮለር ቀለም አፍኖ ይይዛል፤ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣው ድረስ ባልዲ በባልዲ ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም። አሁን የማደርገው፣ መጀመሪያ ቀለሙን በስፓቱላ ጀርባ ወደ ጣሳው እፍቀዋለሁ። ይህ ብቻ ግማሽ ባልዲ ይቆጥባል። በአንደኛና በሁለተኛ እጅ መሃል ደግሞ ጭራሽ አላጥበውም፤ ፌስታል ውስጥ ከትቼ፣ አየር እንዳይገባ አጥብቄ አስሬ አሳድረዋለሁ። ነገ ሳወጣው እርጥብ ነው። ካጠባችሁት በኋላ አቁማችሁ አድርቁት። አጋድማችሁት ከደረቀ የተኛበት ጎን ይደፈጠጣል፣ ያ ጎን ከዚያ በኋላ ቀለም አይይዝም። በዚህ ክረምት ደግሞ መድረቂያው ረጅም ነው፤ በረንዳ ላይ የቆመው ጥቅል ለሁለት ቀን እንኳ እርጥበቱ አልለቅ ብሎኝ ነበር። ሻጋታ እንዳይዘው ውስጥ አስገባሁት።

ኮርኒስ ስትቀቡ ቀለም የጠገበ ማይክሮፋይበር ክንድ ያዝላል። ጠርዝና ማዕዘን ያው በብሩሽ ነው፤ የትኛውም ሮለር እዚያ አይደርስም።

ውድ ነው ላላችሁኝ፦ ጋሎን ቀለም ዛሬ ስንት እንደገባ ጠይቁና ከዚያ ተመለሱ። ሁለት እጅ ቀለም፣ የቀቢ ቀን፣ የስቱኮና የብርጭቆ ወረቀት ወጪ ላዩ ላይ ፀጉር ተለጥፎበት ሲደርቅ ያን ጊዜ ነው ውድ የሚባለው። እኔ እንደገና እገዛዋለሁ። እንዲያውም እዚያው ሱቅ ሄጄ ሁለተኛ ለመያዝ ጠይቄ ነበር፤ "አልቋል፣ ግን ሁሉም አንድ ነው" አለኝ ያው ልጅ።

ባለፈው ሳምንት የፎቁ ጎረቤታችን ሊዋሰኝ መጣ። ምን ልትቀባ ነው አልኩት። የብረት በር፣ በዘይት ቀለም አለኝ። በአኳራጅ፣ በዘይት ቀለም ማቅጠኛው፣ ታጥቦ እንደ ድሮው ለስላሳ ሆኖ የሚመለስ ፀጉር አላየሁም። ሻይ ጠጥቶ፣ በብሩሽ ተሸኝቶ ሄደ።