ስምንት ወር ከሳክሽን ማሽን ጋር፦ ጥሩ ነው፣ ፊልተሩን ግን እዩለት

አባባ አንገታቸው ላይ ትራኪዮስቶሚ (የመተንፈሻ ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳ) ተሠርቶላቸው ወደ ቤት ሲመለሱ አክታ የሚስብ ባለባትሪ ሳክሽን ማሽን ገዛንላቸው። ሻጩ ቁልፉን ጥግ ድረስ አዞረና ቱቦውን መዳፌ ላይ ለጥፎ «ጉልበቱን እዪ!» አለኝ። በጉልበቱ ወደድኩት።

ቤት መጥታ ያስተማረችን ሲስተር ግን መጀመሪያ የቀነሰችው እሱኑ ነው። ቱቦውን በጣቷ ቆንጥጣ ጌጁን፣ ማለትም የመሳቢያ ኃይሉን መለኪያ፣ 120 ላይ አቆመችው። ለአዋቂ ከ80 እስከ 120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይበቃል፤ ቱቦው ካልተዘጋ ደግሞ ጌጁ ትክክለኛውን አያሳይም። ሻጩ በምርቃት የሰጠንን 14 ቁጥር ካቴተርም (አንገት ቱቦው ውስጥ ገብቶ አክታውን የሚስበውን ቀጭን ቱቦ) ወደ ጎን አደረገችው። የአባባ የአንገት ቱቦ ውስጡ 8 ሚሊሜትር ነው፤ ካቴተሩ ከቱቦው ውስጠኛ ስፋት ግማሹን ማለፍ ስለሌለበት 12 ቁጥር (4 ሚሊሜትር) ነው የሚገባው።

አሁን እጄ ለምዶታል። እጄን ታጥቤ ጓንት አደርጋለሁ፣ ኦክስጅን ቀድሜ እሰጣለሁ፣ ካቴተሩን የጎን ቀዳዳውን (ሲዘጋ ነው የሚስበው) ሳልዘጋ በተለካው ልክ ብቻ አስገባለሁ፤ በአውራ ጣቴ የምዘጋው ሳወጣ ነው። ከ10 ሰከንድ አላስበልጥም። ሰዓት ጠብቄም አልስብም፤ አክታው ክርር ሲል ወይም አባባ አልጋውን ሁለቴ በጣታቸው ሲመቱልኝ ነው።

በአራተኛው ወር አንድ ሌሊት ማሽኑ እየጮኸ መሳብ አቆመ። ደንግጬ ቁልፉን ጥግ አደረስኩት፤ ምንም። ለካ ጠርሙሱ ሞልቶ አረፋው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን አየር የሚያጣራውን ፊልተር አርሶታል፤ ፊልተር ከራሰ አየር አያሳልፍም። ትርፍ ፊልተር ስለነበረን ቀየርኩ። ቁልፉን መመለስ ግን ረሳሁ! ካቴተሩ ሲወጣ አክታው ላይ የደም ክር አየሁ። ጉልበቴ ከዳኝ። ወዲያው አቁሜ ለሲስተር ደወልኩ፤ ደግነቱ አልቀጠለም። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ሁለት ሦስተኛው ሳይሞላ እደፋዋለሁ፣ በየጊዜውም ቱቦውን ቆንጥጬ ጌጁን ሳላይ አልጀምርም።

የማማርረው ባትሪውን ነው። አዲስ ሳለ መብራት ሲሄድ አንድ ሰዓት ይቆይ ነበር፤ ዛሬ ግማሹንም አይዝ፤ ስለዚህ የእግር ፓምፕ አልጋው ሥር አስቀምጠናል። የጌጁ ቁጥሮችም ከመድቀቃቸው የተነሳ ሌሊት በስልክ መብራት ነው የማነባቸው። ድምፁን ለምደነዋል።

ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሻጩ ጉልበቱን ሲያሳያችሁ ቱቦውን ቆንጥጡና ቁልፉን ወደታች እንዲመልሰው ጠይቁት፤ የጌጁ መርፌ 120 ላይ ረግቶ ካልቆመ ሌላ ያምጣላችሁ።