የደሴ የመንገደኛ ማሸጊያ፦ ባልዲው ጥሩ ነው፣ ፕላስተሩ በዝቷል

በደሴ ገበያና በመናኸሪያ አካባቢ የመንገደኛ ዕቃ አሽገው የሚሰጡ ሱቆች እጃቸው የተፍታታ ነው። የማር ባልዲውን፣ ንጥር ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ ጀበናውን፣ አንዳንዴም ምጣዱን ጠቅልለው፣ በፕላስተር ጠፍረው፣ በሲባጎ ቀይደው ያስረክባሉ። ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ቢወረወር የማይፈታ ሥራ ነው። እንከኑም እዚያው ላይ ነው፤ የሚያሽጉት ለአውቶቡስ ጣሪያ እንጂ ለመፈተሻ ማሽን አይደለም። በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው የምንለው ይህ ነው፦ ዕቃውን ከእነሱ ግዙ፣ ማሸጉን ግን አጠገባቸው ቆማችሁ አሠሩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአውሮፕላን ጓዝ ሁለት ነገር ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ እንዳይፈስ። ሁለተኛ፣ ፈታሹ እንዲያየው፣ ካላየውም ከፍቶ መልሶ እንዲዘጋው። የደሴ ሱቆች የመጀመሪያውን ከበቂ በላይ ይሠሩታል። ሁለተኛውን ጭራሽ አያስቡትም። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያለፈ ሻንጣ ደግሞ ነገሩ አለቀለት ማለት አይደለም፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ቦሌ ላይ እንደገና ይፈተሻል። በሚያርፍበት አገርም ጉምሩክ ይጠብቀዋል።

ከባልዲው እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። በየሱቁ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ክዳኑ ተጭኖ ቀጭ የሚል፣ ሁለተኛው የሚጠመዘዝና ከክዳኑ ውስጥ የጎማ ቀለበት ያለው ነው። ለማር ሁለተኛውን ውሰዱ። ቀጭ የሚለው ባልዲው ቆሞ እስካለ ድረስ ያገለግላል፤ ሻንጣ ግን ተኝቶ ነው የሚጫነው፣ ላዩም ላይ ሌላ ሻንጣ ይቆለላል። ሲጫነው ባልዲው በጎኑ ይለምጥና ክዳኑ በአንድ በኩል ብድግ ይላል። ከመግዛታችሁ በፊት ውሃ ሞልታችሁ፣ ዘግታችሁ፣ በደረቅ ካርቶን ላይ ለግማሽ ሰዓት ድፉት። ካርቶኑ ላይ የክብ ቅርጽ እርጥበት ከወጣ ባልዲውን መልሱት። ሻጯ ብትቆጣም «እህቴ፣ ማሩ ልብስ ላይ ነው የሚሄደው» በሏት፤ ይገባታል።

ሲሞላ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ይጉደል። ከክዳኑ ሥር ንጹሕ ላስቲክ ዘርጉ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ ከዚያ ባልዲውን በሁለት ወፍራም ፌስታል አየሩን እያስወጣችሁ ለየብቻ ቋጥሩ። ፕላስተር አንድ ዙር ብቻ፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ታጥፎ ለጣት የሚያዝ ምላስ ይተውለት። ሱቆቹ ስድስትና ሰባት ዙር ይሽከረከራሉ። ፈታሹ ያን ሁሉ በጥፍሩ አይልጥም፤ በምላጭ ነው የሚቀደው። ሲቀደው ፌስታሉም አብሮ ይሄዳል፣ መልሶ የሚያሽግላችሁም የለም። ከዚያ በኋላ ማሩ የትም ቢፈስ ጥፋቱ የሱቁ ፕላስተር ነው።

ስለ ክብደትም ሒሳቡን ቀድሞ መያዝ ይበጃል። ማር ከውሃ 1.4 ጊዜ ያህል ይከብዳል። 5 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ሲሞላ 7 ኪሎ ይሆናል። 23 ኪሎ ለተፈቀደ ሻንጣ አንድ ባልዲ ማር ብቻውን ከሩብ በላይ በላ ማለት ነው። ትኬታችሁ ላይ የተጻፈውን ኪሎ እዩ፤ የአገር ውስጡና የውጭው በረራ ሊለያይ ይችላል። የሚንጠለጠል ዲጂታል ሚዛን ያለው ሱቅ ካገኛችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እዚያ ሂዱ። መንጠቆው ባዶውን ዜሮ ማለቱን አይታችሁ፣ ሻንጣውን አንስታችሁ፣ ቁጥሩ ሲቆም አንብቡ። አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ካለፈ ብዙ አየር መንገዶች ትርፍ ቢከፈልበትም አይቀበሉም።

«ከፍታ ላይ ክዳኑ ይፈነዳል» የሚባል ወሬ በሱቆቹ አለ። ፕላስተሩም የሚበዛው በዚሁ ሰበብ ነው። ለደሴ ሰው ይህ ስጋት አይሠራም። ደሴ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአውሮፕላን ውስጥ አየር ግፊት ደግሞ በ2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ዝቅ እንዳይል ተደርጎ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ደሴ ላይ የታሸገ ባልዲ በረራ ላይ አያብጥም። እንዲያውም ባሕር ዳር ያለችው ጅዳ ሲወርድ የውጭው ግፊት ስለሚበልጥ ውስጡ የቀረው አየር ሩብ ያህል ይጨመቃል፣ ባልዲውም ይጎደጉዳል። በሃይላንድ ጠርሙስ ሞክሩት፤ ደሴ ላይ ባዶውን ከድናችሁ ኮምቦልቻ ስትወርዱ እንኳ ጎኑ ሰርጎድ ይላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ የታሸገ በረራው ላይ ትንሽ ይነፋል፤ ያም ቢሆን ደህና ክዳን አይከፍትም። ማሩን የሚያፈሰው ሙቀት ነው። የደሴ ብርድ ላይ ወፍራም ሆኖ ክዳን ውስጥ የተቀመጠ ማር ሙቀት ሲያገኘው እንደ ዘይት ይቀጥንና በትንሿ ቀዳዳ ይሾልካል። ንጥር ቅቤም ከ35 ዲግሪ በላይ ከሞላ ጎደል ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ቅቤውን ረግቶ ስታዩት አትመኑት፤ እንደ ዘይት ቆጥራችሁ አሽጉት።

ማር፣ ቅቤ፣ አዋዜና ዳጣ በእጅ በሚያዘው ሻንጣ ውስጥ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ የተለመደው ደንብ ዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሊትር በሚይዝ ግልጽ ከረጢት እንዲገባ ነው። የሚለካው ዕቃው እንጂ የቀረው ማር አይደለም፤ ግማሽ ኪሎ የሚይዝ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ማር ቢኖርም ይወረሳል።

ማሽኑ የሚያየውን ማወቅ ያግዛል። ኤክስሬዩ ዕቃውን በቀለም ይለያል። ምግብ፣ ጨርቅ፣ ፕላስቲክና የመሳሰለው ብርቱካናማ፣ ብረት ሰማያዊ፣ መሐል ያለው ወይም የተደባለቀው አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ችግሩ ፈንጂም ብርቱካናማ ነው። ወፍራም የማር ባልዲ፣ የተጨመቀ ሽሮና የቅቤ ቁራጭ በስክሪኑ ላይ ድፍን ጥቅጥቅ ያለ ብርቱካናማ ናቸው፤ ከላያቸው ላይ የቻርጀር ገመድ ከተጠቀለለ ደግሞ ማንም ፈታሽ ሻንጣውን ያስቆማል። ልክም ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ባልዲ ከመሆን ሁለት ትንንሽ ይሻላል፤ ባልዲዎቹም አይደራረቡ፣ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ ጎን ይሁኑ፣ መሐሉን ልብስ ይያዘው። ገመድና ኤሌክትሮኒክስ ለብቻው በላይኛው ኪስ ይግባ።

አየር እየመጠጠ የሚያሽገው ማሽን ያላቸው ሱቆች ለበርበሬ፣ ለሽሮና ለበሶ የሚሰጡት አገልግሎት ከሁሉም ይበልጥብናል። ሽታውን ይይዛል፣ ቦታ ይቆጥባል። ሁለት ነገር ግን ይበላሻል። አንዱ፣ ዱቄቱ የከረጢቱ አፍ ላይ ስለሚበን የሚሞቀው መስመር በደንብ አይጣበቅም፤ በነጋታው ከረጢቱ አየር ስቦ ልል ሆኖ ይገኛል። ከመታሸጉ በፊት የአፉን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ማስጠረግ፣ ዱቄቱ ላይም አንድ ቁራጭ ንጹሕ ወረቀት ማስደረግ፣ ከዚያ በጣት ስፋት ልዩነት ሁለት መስመር ማስተኮስ ነው። ሁለተኛው፣ አምስት ኪሎውን በአንድ ጊዜ ጨምቀው እንደ ብሎኬት ያወጡታል። በኪሎ በኪሎ ከፋፍለው፣ ውፍረቱ ከሦስት አራት ሳንቲሜትር ሳይበልጥ ጠፍጣፋ ያድርጉት፤ ማሽኑ ያሳልፈዋል፣ ሻንጣው ግርጌም እንደ መጽሐፍ ይደረደራል። ላዩ ላይ በአማርኛና በምትሄዱበት አገር ቋንቋ ምን እንደሆነ ይጻፍበት። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ይዞ መግባት ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሻንጣውን ያስከፍታል፣ ሊያስቀርም ይችላል፤ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ።

አሁን ወደ ማዳበሪያው። ትርፍ ዕቃ በማዳበሪያ ከትቶ በመርፌና በሲባጎ መስፋት የሱቆቹ መደበኛ ሥራ ነው፤ ርካሽና ጠንካራም ነው። ለአውሮፕላን ግን አዲስና ምንም ያልገባበት ካልሆነ አንመክርም። ፈታሾች ሻንጣውንና እጃችሁን በትንሽ ጨርቅ ጠርገው ወደ ሌላ ማሽን የሚያስገቡት የፈንጂ ቅንጣት ለማግኘት ነው፤ ያ ማሽን በማዳበሪያ ቅሪትም ሊጮህ ይችላል። ዩሪያ የነበረበት ከረጢት ታጥቦም ቢሆን በስፌቱ ውስጥ ብናኝ ይይዛል። ማሽኑ ከጮኸ ዕቃው በሙሉ ይፈታል፣ ጥያቄም ይከተላል። የተሰፋውን መልሶ የሚሰፋም አይገኝም።

ጀበና ማሸጉ ላይ ሱቆቹን የምናርመው ጥቂት ነው። ሆዱን በጨርቅ ሞልተው፣ አንገቱን በጥቅል ካርቶን ደግፈው፣ ሁሉን በፎጣ ይጠቀልሉታል፤ የሚሰበረው አንገቱና ጆሮው ስለሆነ ትክክል ነው። ሆዱ ውስጥ ግን ሲኒ ወይም ጌጥ እየደበቁ አይሙሉ፤ በሸክላ ውስጥ ሌላ ዕቃ ሲታይ ያስከፍታል። ከረከቦቱ ጋር ሸማቹን ለማስደሰት የሚጨምሩትን ከሰል መልሱላቸው። ከሰል በራሱ ሊግል የሚችል ዕቃ ተብሎ ስለሚመደብ በእጅም በሚጫነውም ሻንጣ አይፈቀድም፤ በክብሪት ቶሎ የሚያያዘው ክቡ ከሰልም እንዲሁ። እጣኑ ችግር የለውም። ክብሪት ቢሆን አንድ ትንሽ ፓኮ፣ ላይተር ቢሆን አንድ፣ ያውም ኪስ ውስጥ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይደለም።

ክራርና መሲንቆ ይጫናሉ፤ ጅማቱን አላልቶ ቆዳውን በካርቶን መሸፈን ይበቃል። ቢላና ማጭድ በሚጫነው ሻንጣ ብቻ፣ ስለቱ በካርቶን ተሸፍኖ በፕላስተር ተይዞ፣ ከፋቹን እንዳይቆርጥ። አረቄ በጀሪካን አይሄድም፤ አልኮሉ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ ከፋብሪካ እንደታሸገ፣ በሰው ከ5 ሊትር ሳይበልጥ ነው የሚፈቀደው። ጠጅ ከ24 በመቶ በታች ስለሆነ በዚህ ደንብ አይያዝም፤ ግን ገና እየፈላ ስለሆነ ጋዝ ያጠራቅማል፣ እሱ በእርግጥም ክዳን ይከፍታል። ጫት ደግሞ ሳዑዲ ላይ ያሳስራል፤ ትንሽ ነው፣ ደረቅ ነው የሚባል ነገር የለም። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገቡም፤ ማር እስከ 2 ኪሎ ይገባል።

ያረጀ ብራና፣ የእጅ ጽሑፍ ቁርዓን፣ የድሮ መስቀል የያዘ ሰው ማሸጊያ ሱቅ ከመሄዱ በፊት የቅርስ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይያዝ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ የአያት ውርስ መሆኑን መናገር ብቻውን አያሳልፍም።

ፓወር ባንክ የሚሸጡት ሱቆች ከዕቃው ጋር አብረው ሻንጣ ውስጥ ጠቅልለው ያስገቡታል። ይህ መቅረት አለበት፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ብቻ ነው የሚያዘው፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ሻንጣው ይቀራል። ወሰኑ 100 ዋት ሰዓት ነው። ሒሳቡ፦ የተጻፈውን ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) በ3.7 አባዝታችሁ ለ1,000 ታካፍላላችሁ። 20,000 የሚለው 74 ይሆናል፣ ያልፋል። 30,000 የሚለው 111 ነው፣ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ያልተጻፈበት ከሆነ ፈታሹ ሒሳብ አይሠራላችሁም፣ ያስቀረዋል።

ስትሬች ላስቲክ ደሴ ላይ አታስጠቅልሉ። እስከ ቦሌ ድረስ ቢያንስ አንዴ ይቀደዳል፣ ገንዘቡም አብሮ። በቁልፍ ፈንታ ዚፑን በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሩትና ሦስት አራት ትርፍ ማሰሪያ ላይኛው ኪስ ውስጥ ተዉ፤ ፈታሹ ቆርጦ ሲጨርስ መልሶ ያስርበታል።

ስለ ምጣድ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጫናል። ሸክላው በስተጀርባው የተጠማዘዘ ሽቦ ስላለበት በስክሪኑ ላይ መልኩ አያምርም፤ መከፈቱ አይቀርም። ሸክላውን ከብረት አቃፊው ለይታችሁ፣ በሁለት ካርቶን መሐል በፎጣ አድርጋችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ ወይም ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አኑሩ፤ ሳይፈታ በሚታይ ግልጽ ላስቲክ ይሸፈን። ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ለብቻው ካርቶን ይፈልጋል፤ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱ ተደምሮ ከ158 ሳንቲሜትር እንዳያልፍ በሜትር አስለኩ። አሜሪካ ለሚወስዱት አንድ ነገር ቀድሞ ይነገራቸው፤ በ220 ቮልት የተሠራ ምጣድ እዚያ 120 ቮልት ሲያገኝ ኃይሉ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ይሆናል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም።