አሥራ አንድ ወር ከአልሙኒየም ቃሬዛ ጋር

ይህ ቃሬዛ ይገዛ ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከ11 ወር በኋላ ያየሁትን የመጻፍ ዕዳም የኔ ነው። የምሠራው በአምቡላንስ ነው። ቡድናችን ሁለት ሰው ነው፤ ሲሳካ ሦስት።

የድሮው ቃሬዛችን የብረት ቱቦ ነበር፤ 15 ኪሎ ይመዝናል። አዲሱ ከአልሙኒየም ቅይጥ የተሠራ፣ ቁመቱን ይዞ ለሁለት የሚከፈል ነው። ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ከታካሚው ሥር ይገባል። ከዚያ ከራስጌና ከግርጌ ይቆለፋል። ሰውየውን ብዙ ሳናገላብጥ እናነሳዋለን። ዳሌው ወይም አከርካሪው ተጎድቷል ብለን ስንሰጋ መጀመሪያ እጃችን የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ራሱ የሚመዝነው 8 ኪሎ ከ400 ግራም ሲሆን የተጻፈበት የመሸከም አቅም 159 ኪሎ ነው።

ቀላል በመሆኑ በጣም ተደስቼ ነበር። ታካሚ ሲተኛበት ግን ልዩነቱ ያሰብኩትን ያህል አይደለም። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በድሮው ላይ ከነቃሬዛው 95 ኪሎ ነበር። አሁን 88 ኪሎ ከ400 ግራም ሆነ። ለሁለት ስንካፈለው የቀለለልን 3 ኪሎ ከ300 ግራም ብቻ ነው። ያውም ሸክሙ እኩል አይካፈልም። የተጋደመ ሰው በራስጌ በኩል ይከብዳል። ደረጃ ስንወርድ ደግሞ ከታች ያለው ሰው አበሳውን ያያል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም የ1991 የማንሳት ቀመር፣ ሁሉ ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው 23 ኪሎ ነው። እኛ የእሱን እጥፍ ገደማ ነው የምናነሳው። ይህን የሚያቃልለው ተጨማሪ ሰው ነው። ቃሬዛ ብቻውን አያቃልለውም።

ታዲያ ቅለቱ የት ጠቀመን? ባዶውን ስንሮጥ። አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው ወድቋል ሲባል አንዱ ትከሻዬ ላይ የኦክስጅን ቦርሳ፣ በሌላው እጄ ቃሬዛው አለ። ድሮ ፎቁ ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ትንፋሼ ሳይቆራረጥ ታካሚውን አናግራለሁ። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ጥቅም መኪናው ውስጥ ነው። ኢኤን 1789 የተባለው የአውሮፓ የአምቡላንስ መስፈርት፣ መኪናው ውስጥ ያሉ ዕቃዎች የስበትን 10 እጥፍ ኃይል ችለው ከቦታቸው እንዳይነቀሉ ይጠይቃል። በዚያ ስሌት የድሮው ቃሬዛ በግጭት ጊዜ ማሰሪያውን እንደ 150 ኪሎ ሸክም ይጎትተዋል። አዲሱ እንደ 84 ኪሎ ነው። ከኋላ ከታካሚ ጋር የሚቀመጥ ሰው ይህ ይገባዋል።

አልሙኒየም ከብረት በሦስት እጥፍ ገደማ ይቀልላል። በዚያው ልክ ደግሞ ቶሎ ይለመጣል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ቱቦውን ወፈር ያደርጉታል፤ ቱቦ ሲወፍር ብዙ ሳይከብድ ይጠነክራልና። ይህ በእጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን ሲገዛ አላሰብኩም። መያዣው ወፍራም ነው። እጇ ትንሽ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ጣቶቿን ዙሪያውን ገጥማ መያዝ አትችልም። ጓንት ስታደርግ ይብሳል። የጨበጡት ነገር ሙሉ በሙሉ ካልተጨበጠ ክንድ ቶሎ ይዝላል። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ፣ ጓንት አድርጎ፣ ሰው አስተኝቶ፣ ራሱ ይሞክረው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በሰባተኛው ወር የራስጌው መቆለፊያ መላወስ ጀመረ። አንድ ሌሊት ታካሚ ልናነሳ ስንል ቀጭ የሚለውን ድምፅ አልሰማሁም። ጎተት አድርጌ ስሞክረው ከፈት አለ። ገና ከመሬት አላነሳንም ነበርና ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ፈታትቼ አየሁት። ፒኑ የማይዝግ ብረት ነው፤ የሚገባበት ቀዳዳ አልሙኒየም ነው። ጠንካራው ለስላሳውን እየበላው ቀዳዳው እንቁላል መስሏል። ዙሪያውን ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ። አልሙኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ እንዲህ ነጭ ሆኖ ነው የሚበላው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ ደካማው ይበላል። እዚህ ደካማው አልሙኒየሙ ነው።

ይህን ያፋጠንነው ደግሞ እኛው ነን። ደም በነካው ቁጥር በበረኪና እንረጨውና ሳናጥብ ወደ ቦታው እንመልሰው ነበር። ክሎሪን አልሙኒየምን ይቦረቡራል። ጉድጓዶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ግን ቆሻሻ ይይዛሉ፣ ስንጥቅም ከእነሱ ይጀምራል። አልሙኒየም ደግሞ ሸክሙ ቀላል ቢሆን እንኳ መደጋገሙ ያደክመዋል። የተበየደበት ቦታ ከሌላው ይለሰልሳል። አሁን በሳሙናና በውኃ እናጥባለን፣ ከዚያ ጀርም ማጥፊያውን አድርገን የሚሠራበትን ጊዜ እንጠብቃለን፣ በንጹህ ውኃ አለቅልቀን እናደርቃለን። ከእያንዳንዱ ፈረቃ በፊት መቆለፊያዎቹንና ብየዳዎቹን በባትሪ ብርሃን አያለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ብርዱንም ማንሳት አለብኝ። አልሙኒየም ሙቀትን ቶሎ ይስባል። በብርድ ሌሊት አንዲት አሮጊት እናት ከሥራቸው ስናስገባው በረዶ የነካቸው መስሏቸው በድንጋጤ ተንቀሳቀሱ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ያ መንቀሳቀስ ምን ያህል እንዳመማቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ቃሬዛው እስኪፈለግ ድረስ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ፀሐይ ላይ ከዋለም በእጄ ሳልነካ ሰው ሥር አላስገባውም።

ሌሎቹን የቃሬዛ ዓይነቶችም በትውስት ሞክሬያለሁ። የካርቦን ፋይበሩ (ከቀጫጭን የካርቦን ክሮችና ከሙጫ በንብርብር የተሠራው) ከሁሉም ይቀልላል፣ ራጅም ያሳልፋል። የምፈራው ግን መውደቁን ነው። አልሙኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል፤ ታየዋለህ። ካርቦን ፋይበር ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ንብርብሩ ሊላቀቅ ይችላል። በየቀኑ ከመኪና በር ጋር ለሚጋጭ ዕቃ ይህ አይመቸኝም። ፕላስቲኩ ወፈር ስለሚል በክብደት ከአልሙኒየሙ እምብዛም አይለይም። ሆኖም አይበላም፣ አይቀዘቅዝም፣ ታካሚው ሳይነሳ ራጅ ይነሳበታል። ፀሐይ ላይ ከርሞ እንዳይሰነጣጠቅ ብቻ መጠበቅ ነው።

የኛን አልሙኒየም አልጣልነውም። ጠጋኞች ቀዳዳዎቹ ውስጥ የፕላስቲክ ቀለበት አስገብተው፣ መቆለፊያውን ቀይረው መልሰውልናል፤ እስካሁን አልተላወሰም። ለሁለተኛው አምቡላንስ ፕላስቲኩን አዘናል። ሻጩን መጀመሪያ የጠየቅኩት መቆለፊያው ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ነው። ይሸጣል አለኝ። ሁለት ጥንድ አስጨምሬያለሁ።